ልዩ ልዩ ወጪ

ሐምሌ ነው በብቸና፤ ዋልካው ጫማ ይነጥቃል፤
የቢሯችን ቆርቆሮ ሲያወራ ያመሻል።
ስሜ አስረስ ነው፤ እናቴ ወንድሜን ቀብራ ስትመለስ
የወለደችኝ፣ ያን ሐዘን እንዳስረሳ፣ እንባዋን እንዳብስ።
ሥራዬ በጀት ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ለድልድይ፣ ለነዳጅ፣ ለጥበቃ ቁጥሮች ከእጄ ያልፋሉ።
መሳቢያዬ ውስጥ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ጎን ጠርሙስ፤
ጠዋት አንድ መለኪያ፣ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ፤
ከዚያ ጤናዳም አኝኬ፣ ሽታው እንዳይናገር፣
ከአለቃዬ ራቅ ብዬ፣ አፌን ሸፍኜ ስናገር።

ከገበያው ማዶ፣ ከወይዘሮ ዳሳሽ ጓሮ
አንድ ግንድ አለ፣ በወገቡ ብረት ተቋጥሮ።
አለልኝ ከዚያ ታስሮ ሦስት ክረምት ከረመ፤
ከጉባኤ ቃና መወድስ ዘልቆ፣ መምህሩን አስገርሞ፣ አንድ ሌሊት ታመመ።
ጸበል ተጠመቀ፤ ተሻለው፤ መልሶ ደግሞ ባሰ፤
ዳሳሽ ሰንሰለት ስትገዛ ነጋዴው አለቀሰ።

ሲስተር ትርንጎ መጣች፣ ቦቲዋን ጭቃ ወርሶት፤
ግንዱ ሥር አብራው ተቀመጠች፣ በስሙ እየጠራች፣ በትዕግሥት።
በወር አንድ መርፌ፣ ማታ ማታ ክኒኑ፤
በሦስተኛው ወር ጠየቀ፦ «እማ፣ ጾም ገባ? ስንት ነው ቀኑ?»
ቁልፉ ዞረ። ብረቱ ከግንዱ ላይ ቀረ።
አለልኝ ጤፍ ሊያርም ወጣ፤ ከሰው እኩል ዋለ፤ አደረ።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት
«የለም» አላት። በማግሥቱም። በሳምንቱም ያው ሆነባት።
እሷ ስም ስታወጣ «አለልኝ» አለች፤ መስኮቱ «የለም» ሲል ኖረ፤
ሰኔ ሲገባ ከነጠላዋ ጫፍ ቁልፉ ተፈታ፤ ልጁ ታሰረ።

ለምን እንዳለቀ እኔ አውቃለሁ፤ የጻፈው ይኸው እጄ ነው።
«የአእምሮ ጤና» የራሱ ረድፍ ኖሮት አያውቅም፤ መቼም የለው፤
ከመጥረጊያ፣ ከሻይ ቅጠል፣ ከባነር ጋር ተጣብቆ
«ልዩ ልዩ ወጪ» ይባላል፤ አምና ለእንግዶች ድንኳን ነው ያለቀው፣ ተጠራርጎ፣ ተሟጥጦ፣ ደርቆ።

ጎጃሜ ነን፤ ቅኔ እንፈታለን፣ ሰሙን ከወርቁ ለይተን፤
ሰው መፍታት እንዴት አቃተን?

ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ከየወንበሩ ሥር እርጥብ ጃንጥላ ተኝቷል።
አዲስ ረድፍ አነበብኩ። ሰብሳቢው «ይኼ ደግሞ ከየት መጥቷል?»
«የራሱ ስም፣ የራሱ ብር፤ መድኃኒት፣ ነርስ ለየጤና ጣቢያው፤
አረቄም ጫትም ላሰረው ሰው መጠጊያው።»
አንዱ ሣቀ፦ «ሰካራም በገንዘቡ ጠጣ፤ ላበደም ጸበል አለለት፤
መንግሥት ምን ቤት ነው? ይልቅ ድልድያችን ይቅደምበት።»
«ጸበሉን ማን ነካ? ይጠመቅ፤ ክኒኑንም ይዋጥ።
ድልድዩስ ለማን ነው፣ ተሻጋሪው ጓሮ ታስሮ ቢቀመጥ?
ሰካራም ካላችሁ ደግሞ...» እጄን ዘረጋሁ ፊታቸው፤
ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ሆን ብዬ ነው ሳልቀምስ የመጣሁት፣ እንዲያዩት በዓይናቸው።
ጤናዳምም አላኘኩም።

ዝናቡ ብቻ ተሰማ።
ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «የኔም ልጅ...» ብሎ ጀመረ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀሪውን ዋጠውና ቀረ።

ከጠየቅሁት ሲሦው ጸደቀ። ሌላው «በሩብ ዓመቱ ይታያል» ተባለ።
ረድፉ ግን በስሙ ገባ፤ ከ«ልዩ ልዩ» ተነጠለ።
ትርንጎ ክኒኑን ቆጠረች፤ «እስከ ጥር» አለች፤ አልሣቀችም፣ አልተቆጣችም።
ማክሰኞ ማክሰኞ እኔም እሷ በር ላይ ወረፋ እይዛለሁ፤ ስሜን ጮክ ብላ አትጠራም።
ዳሳሽ ቁልፉን መልሳ ቋጥራዋለች፤ አልጣለችውም፤
እኔም ጠርሙሱን ገና አልደፋሁትም።
አለልኝ ዛሬ ጤፍ ሲያርም ዋለ፤ ከጥር ቀጥሎ
የካቲት እንደሚመጣ እስካሁን ማንም አልነገረውም።